የጎሚስታው ንጹሕ ኩባያ

ጎሚስታው አንገቱ ተቆርጦ የተገኘው በጠዋት፣ ጎማ በሚጠግንባት ጠባብ ሱቁ ውስጥ ነው። አንገት ተቆረጠ ሲባል ሰው ወዲያው የሚያስበው ቢላ ነው። ቢላ ግን የለም። ምላጭም የለም። ሳጅኑ ከጥግ እስከ ጥግ በጉልበቱ ተንፏቀቀ፣ የጎማውን ክምር አንድ በአንድ አወረደ፣ የመደርደሪያውን ጀርባ ሳይቀር በእጁ ዳሰሰ፤ ደም የነካው ስለት የሚባል ነገር አጣ። የተገኘው የሟቹ ታናሽ ወንድም ነው። የታላቁን ጭንቅላት ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ከደረቱ እስከ ጉልበቱ ደም በደም ሆኖ፣ ለማንም መልስ ሳይሰጥ ተቀምጦ ነበር።

ኢንስፔክተሯ ስትደርስ ሰዉ ፍርዱን ጨርሶ ጠበቃት። ማን ገደለው? ወንድሙ ነዋ! ትናንት አመሻሽ ላይ ሲጨቃጨቁ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። ታናሹ ሥራውን ትቶ በከባድ መኪና ረዳትነት አገር ላገር ልሂድ ይላል፤ ታላቁ እናታችንን ለማን ጥለህ ይላል። በመጨረሻ ታናሹ ካንተ ጋር ከምሠራ ብሞት ይሻለኛል ብሎ፣ የሱቁን የቆርቆሮ በር ደርግሞት ሄደ። ይኸው ነው ማስረጃው። ይህን ያወሩላት ሰዎች ምራቃቸውን እየዋጡ ነበር የሚያወሩት።

ኢንስፔክተሯ ሃያ ስድስት ዓመት በዚህ ሥራ ላይ ቆይታለች። ሌላው ሰው ሲናደድ ይጮኻል፤ እሷ ስትናደድ ድምፅዋ ዝቅ ይላል። ጣቢያው ውስጥ የሚያውቋት ሁሉ የሚፈሯት ያን ጊዜ ነው። የዚያን ቀን ጠዋት ሰዉን ከበሩ ላይ ያባረረችው ጆሮ ውስጥ እንደሚንሾካሾክ ሰው ሆና ነው፤ ሁለተኛ መናገር አላስፈለጋትም።

ከዚያ ቆማ ሱቁን አየችው። ይህ ሱቅ ተጠርጎ የሚያውቅ አይመስልም። ግድግዳው በቅባት ጠቁሯል፤ የመብራት ማብሪያው ቀለሙ አይለይም፤ ወለሉ ላይ የዓመታት የጎማ ብናኝ ተነጥፏል። ከኮምፕሬሰሩ ፊት ለፊት ግን አንድ ክንድ ተኩል የሚሆን ቦታ ተጠርጓል። መጥረጊያው የደሙን ዳር ነክቶ ተመልሷል። ከዚያው በላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ ከንፋሱ ውስጥ ውሃውን የሚለየው ፊልትሮ አለ። ውሃው የሚጠራቀምባት የፕላስቲክ ኩባያ ከስሩ ተንጠልጥላለች፤ ጥርት ያለች፣ የጣት አሻራ እንኳ የሌለባት።

«ፍታልኝ» አለችው ሳጅኑን።

«የቱን?»

«ኩባያውን። በጓንት።»

ሳጅኑ ጡረታ ሊወጣ አንድ ዓመት የቀረው ሰው ነው። ቤት ውስጥም ሆነ ደመና ሲሆን ጥቁር መነጽሩን አያወልቅም፤ በዚህ የማይቀልድበት የለም። ቢላ ፍለጋ መጥተን ኩባያ ይዘን ልንመለስ ነው ብሎ በአፍንጫው አጉረመረመ። ፈታው ግን።

ኮማንደሩ መዝገብ መዝጋት የሚወድ አለቃ ነው። በማግስቱ ጠዋት ኢንስፔክተሯ ቢሮው ስትገባ የታናሹን ቃል ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ፣ ደስ ብሎት ጠበቃት። ገድያለሁ ይላል ወረቀቱ። ፈርሟል። ቃሉን የጻፈውን ጸሐፊ ልጁ ምን ብሎ ነው የተናገረው ብላ ስትጠይቀው፣ ምንም አልተናገረም፣ እኛ ጻፍንለት፣ ሳያነበው ፈረመ አላት። እንዲህ አድርጎ ነው ሰው የሚሰቀለው! ኢንስፔክተሯ ወረቀቱን በሁለት ጣቷ አንስታ መልሳ አስቀመጠችው።

«ስለቱስ?» አለች።

ጥሎት ይሆናል አለ ኮማንደሩ። የት ይጥለዋል አለች። ከሱቁ አልወጣም፤ መጀመሪያ የደረሱት ሰባት ሰዎች እዚያው ቁጭ ብሎ ነው ያገኙት። እንግዲያው ከመጡት አንዱ ደብቆለታል አለ ኮማንደሩ። ይህን ሲል ራሱም አላመነውም፤ ግን መዝገቡ ተዘግቶለታል። ነገ በአራት ሰዓት ልጁ ወደ ማረሚያ ቤት ይዛወራል፣ ከዚያ ወዲህ የኔ ጣጣ አይደለም ብሎ ስልኩን አነሳ።

ኮሪደሩ ላይ እናትየው ተቀምጠዋል። ከትናንት ጀምሮ ከዚያ አግዳሚ ወንበር አልተነሱም። ለታሰረው ልጃቸው ያመጡት ምሳ በነጠላ ተቋጥሮ እግራቸው ስር ነው፤ አይገባም ተብለዋል። ኢንስፔክተሯ የታላቁ አስከሬን ከሆስፒታል ሊሰጥዎት ይችላል፣ ሂደው ይውሰዱ ብላ በቀስታ ነገረቻቸው።

«አልወስድም» አሉ እናትየው። «ታላቁን የሚቀብረው ታናሹ ነው። እሱ ሳይወጣ አፈር አላለብሰውም።»

«እናቴ፣ ቀኑ ይሄዳል እኮ።»

«ይሂድ። አንዱን ቀብሬ ስመለስ ሌላውን ወስዳችሁት ብትጠብቁኝስ? እዚህ ቁጭ ብዬ እጠብቀዋለሁ።»

አላለቀሱም። ኢንስፔክተሯን ያንገበገባትም ይህ ነው። ለማልቀስ እንኳ ጊዜ ያልተሰጣቸው ሴት! ምሳውን ከእግራቸው ስር አንስታ፣ ራሷ ወደ እስር ክፍሉ ወሰደችው። ተረኛው አይፈቀድም ሳይል በሩን ከፈተላት።

ወደ ሱቁ ተመለሰች። ጎረቤቱ በያጅ ነው፤ በርና መስኮት ይበይዳል። ከሟቹ ጋር በግቢው ድንበር አራት ዓመት ተካሰዋል። በበያጁ ሱቅ ውስጥ የተቆራረጠ ላሜራ እንደ ጉድ ተከምሯል፤ ከዚያ አንዱ የሰው አንገት አይደለም የበሬ ይቆርጣል። ሳጅኑ አገኘነው ብሎ ፊቱ በራ። በያጁ ግን ከጠዋቱ አንድ ተኩል ጀምሮ እዚያው ሱቁ ውስጥ የአንድ ሴትዮ የግቢ በር ሲበይድ ነበር፤ ሴትዮዋ ደግሞ ብረት እንዳይሰርቃት ስትጠብቀው ከአጠገቡ ንቅንቅ አላለችም። ተጠርታ መጣች፣ መሰከረች፣ በሩ ጠማማ ሆኖብኛል ብላም ለፖሊስ አቤቱታ አቀረበች።

በያጁ ሊሄዱ ሲሉ አንድ ነገር ተናገረ። በዚያን ቀን ጠዋት ሁለት ሰዓት ገደማ ከጎሚስታው ሱቅ ኃይለኛ ፍንዳታ ሰምቷል።

«ታዲያ አልሄድክም?»

«ጎማ ፈነዳ ብዬ ነዋ! ጎሚስታ አጠገብ የሚሠራ ሰው በየፍንዳታው ቀና ካለ መቼ ሠርቶ ይበላል?»

ኢንስፔክተሯ ሳጅኑን አየችው። ሳጅኑ ትናንት ጎማዎቹን አንድ በአንድ ያወረደ ሰው ነው። የፈነዳ ጎማ አልነበረም።

ሐኪሙ ሬሳውን መርምሮ ጨርሶ ነበር። የተቆረጠው ዋናው የደም ቧንቧ አይደለም አላት፤ ጎኑ ያለው ደም መልስ ነው። ወድቆ ጭንቅላቱንም መቶታል። ስለዚህ ቶሎ አልሞተም፤ ግማሽ ሰዓት፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ ደሙ ፈስሷል። አንድ ሰው ደርሶ ቁስሉን በጨርቅ ግጥም አድርጎ ይዞ፣ ከመንገዱ ማዶ ካለው ጤና ጣቢያ ቢያስገባው ይተርፍ ነበር ወይ አለችው። መጀመሪያ ላይ ከሆነ አዎ፣ እየቆየ ከሄደ ግን ማንም አያውቅም አለ። ከዚያ በትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ያስቀመጠውን ስንጥር አሳያት። ከቁስሉ ውስጥ ያወጣው ነው። ብርጭቆ መስሎት ነበር፤ በጋለ መርፌ ጫፍ ሲነካው ግን ቀለጠ።

«ፕላስቲክ ነው» አላት።

ሳጅኑ የሁለቱን ወንድማማቾች ስልክ ቻርጅ አድርጎ ከፍቷቸው ነበር። ሟቹ በዚያ ጠዋት አንድ ጊዜ ብቻ ደውሏል፤ ለወንድሙ፣ ሁለት ሰዓት ከሠላሳ አንድ ላይ። አልተነሳም። ኢንስፔክተሯ ሰዓቱን ደብተሯ ላይ ጻፈችና ወደ እስር ክፍሉ ወረደች።

ታናሹ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል። ምሳውን አልነካውም። ስለ ስልኩ ስትጠይቀው ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረ። ቁጥሩን አይቶት ነበር። ኩርፊያው አልወጣለትም፤ ይደውል ብሎ ስልኩን ኪሱ ውስጥ መልሶ ከተተ። ሃያ ደቂቃ ያህል ሲዞር ቆይቶ ነው ሱቁ የደረሰው። ወረቀቱን ሲሰጡት ምን ቢጻፍበት ግድ አልነበረውም።

ኢንስፔክተሯ ኩባያውን ከላስቲክ ከረጢቱ ሳታወጣ ፊቱ አደረገችለት። ልጁ አገላብጦ አየው።

«ይሄ የኛ አይደለም።»

«ከፊልትሯችሁ ላይ ነው የፈታነው።»

አይደለም አለ። የእነሱ ከተገዛ ሰባት ወሩ ነው። ታላቁ ጠዋት ጠዋት ሥራ ሳይጀምር ጎንበስ ብሎ ከስሩ ያለችውን ቡሽ ይከፍትና ያደረውን ውሃ ያፈስሳል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ፈትቶ ቀለም በሚያቀጥነው ቲነር ያጥበዋል። ሱቁን ጠርጎ የማያውቅ ሰው ያን ኩባያ እንደ ዓይኑ ብሌን ነበር የሚያየው። ቲነሩ አደብዝዞታል፤ ውስጡ በደንብ አይታይም። ይሄ ግን አዲስ ነው።

ኩባያውን የሠራው ፕላስቲክ ፋብሪካ ከከተማው ዳር ነው። ኩባያው ስር የታተመው ምልክት የእነሱ ነው። የምርት ኃላፊው ነጭ ሸሚዙ ኪስ ላይ ሦስት እስክሪብቶ የደረደረ፣ ትሑት፣ ንጹሕ ሰው ነው። አንቱ እያለ ተቀበላቸው፤ ሻይ አዘዘላቸው። ስለ ጎሚስታው ሰምቼ አዘንኩ አለ። የምናመርተው ኩባያ ግን ከዚህ ጋር ምን ያገናኘዋል? ከጠረጴዛው ላይ አንዱን አንስቶ በመዶሻ ሁለት ጊዜ ደህና አድርጎ መታላቸው። ጭረት እንኳ አልወጣበትም። ትናንት ጠዋት የት እንደነበረ ስትጠይቀው የመግቢያ መዝገቡን አስመጣ፤ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ፈርሟል። ቀኑን ሙሉ ከማሽኖቹ አጠገብ ነበርኩ አለ። ሳጅኑ በመዶሻው ተሸንፎ ነበር፤ ሲወጡ ይሄ ነገር አያስኬደንም አላት።

ኢንስፔክተሯ ወደ መኪናው አልሄደችም። የምርት ጥራት መቆጣጠሪያ የሚል በር አንኳኩታ ገባች። ግራጫ ጋዋን የለበሰች ሴት ብቻዋን ተቀምጣለች። ኩባያውን ሰጥታት፣ እህቴ፣ ይሄ መቼ ነው የተሠራው አለቻት። ተቆጣጣሪዋ ገልብጣ ከታች የታተመችውን ትንሽ ክብ አየች። ክቧ ውስጥ ከአንድ እስከ አሥራ ሁለት ቁጥርና አንዲት ቀስት አሉ፣ ከጎኗ ነጠብጣቦች።

«ቀስቷ ወሩን ነው የምታሳየው፤ ነጥቦቹ ሳምንቱን። በዚህ ሳምንት ነው የወጣው። ገና ለሱቅ አልተሰጠም። ከየት አገኙት?»

«ከሞተ ሰው ግድግዳ ላይ።»

ሴትዮዋ ተነስታ በሩን ቆለፈች። ሁለት ልጆች ብቻዬን ነው የማሳድገው አለች። ከመሳቢያዋ ሌላ ኩባያ አወጣች። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው፤ ልዩነት የላቸውም። ከዚያ የኮምፒውተሯን ስክሪን ነጭ አደረገችና ሳጅኑን መነጽርዎን ያውሱኝ አለችው። ሳጅኑ ስንት ዓመት ያላወለቀውን መነጽር አወለቀ። ዓይኖቹ ትንንሽ ነበሩ።

ኢንስፔክተሯ መነጽሩን አደረገች። ተቆጣጣሪዋ አዲሱን ኩባያ በስክሪኑና በመነጽሩ መሀል ያዘችው፤ እንዲህ ያለው ጥቁር መነጽር የስክሪኑን ብርሃን መርጦ ነው የሚያሳልፈው፣ ዘንበል ያድርጉት አለቻት። ስክሪኑ ጨለመ፣ ኩባያውም ግራጫ ሆኖ ታየ፣ ሌላ ምንም የለበትም። ከመሳቢያው የወጣውን በቦታው አደረገችው። ኩባያው ቀለም በቀለም ሆነ። ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሐምራዊ፣ ከአንገቱ ዙሪያ እየተጠባበቀ፣ እየተጫጫነ።

«ይሄ ከስምንት ወር በፊት የወጣው ነው» አለች። «ቀለሙ የተጠባበቀበት ቦታ ሁሉ ውጥረት አለበት። ፕላስቲኩ ቀልጦ ሲገባ ሞልዱ፣ ቅርጽ የሚያወጣው ብረት፣ ቀዝቃዛ ነው። ብረቱን የነካው ቆዳው ወዲያው ይደርቃል። ሆዱ ገና ትኩስ ነው። ሆዱ ዘግይቶ ሲቀዘቅዝ ሊኮማተር ይፈልጋል፣ የደረቀው ቆዳ ደግሞ አይለቀውም። ሁለቱ እንደተጓተቱ ይቀራሉ። በባዶ ዓይን አይታይም። በመዶሻ ቢመቱትም ላይናገር ይችላል። ተናዶ ዝም እንዳለ ሰው ነው።»

ኢንስፔክተሯ ይህን ለመረዳት ሌላ ማብራሪያ አላስፈለጋትም። መድኃኒት የለውም ወይ አለቻት። አለው እንጂ! ሳይቸኩሉ ማቀዝቀዝ፣ ከዚያም ረግቦ እንዲወጣ ምድጃ ውስጥ አራት ሰዓት ማቆየት። ድሮ እንደዚያ ነበር የሚሠራው። ትዕዛዝ ሲበዛ አርባ ሰከንድ የነበረው ማቀዝቀዣ ወደ ሃያ ሁለት ወረደ፤ ምድጃውም ምርት ያዘገያል ተብሎ ጠፋ። ኩባያው መጀመሪያ ምንም አይሆንም። ጋራዥ ውስጥ ግን ሰው ሁሉ በቲነር ያጥበዋል። ቲነሩ ዓይን የማያየውን ስንጥቅ ይከፍታል፣ የንፋሱ ግፊት ይጨመርበታል፣ ከዕለታት አንድ ቀን ይፈነዳል። ሦስት ጊዜ ጽፌ አመለከትኩ አለች። ሦስቱንም የምርት ኃላፊው ፊቷ ቀዷቸዋል።

«እስካሁን የፈነዳበት አለ?»

«ሁለት። አንደኛው ዓይኑ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ነው ምድጃው እንደገና የበራው፣ የበፊቶቹም መቀየር የጀመሩት።»

«ለሰዎቹ ምን እየተባለ?»

ተቆጣጣሪዋ አንገቷን ደፋች። «አዲስ ሞዴል ነው፣ በነጻ ነው ይባላሉ። አደጋ አለው የሚል ቃል አይወጣም። እየዞረ የሚቀይረውም የምርት ኃላፊው ራሱ ነው፤ ጠዋት ይፈርምና በጓሮ በር በፒክ አፑ ይወጣል። ዝርዝሩን ክሊፕቦርድ ላይ ይይዛል። የት፣ ስንት ሰዓት ላይ እንደተቀየረ ይጻፋል፤ ሰዓት ያልተጻፈበት ወረቀት ስንሰጠው ለኛም ይመልስብናል። አመሉ ነው።»

የምርት ኃላፊው ሲመለሱ በማየቱ ፈገግ አለ፤ ሻዩ አልቀዘቀዘም አለ። ኢንስፔክተሯ ዝርዝሩን አምጣ አለችው። የምን ዝርዝር? ሳጅኑ ከበሩ ጀርባ ሚስማር ላይ የተሰቀለውን ክሊፕቦርድ አውርዶ ሰጣት። የትናንቱ ገጽ ከላይ ነው። ጽሑፉ ቆንጆ ነው፣ መስመር አይስትም። አንድ ጋራዥ፣ አንድ እንጨት ቤት፣ አንድ የመኪና ቀለም ቀቢ። ከዚያ በታች፦ ጎሚስታ፣ ከበያጁ ጎን፣ ተቀይሯል፣ 2፡20።

ደም በፈሰሰበት ወለል ላይ ቆሞ ሰዓቱን አይቶ ጽፏል። ጉድ እኮ ነው! ሰው ሊደብቅ ብሎ መሬት ጠርጎ፣ ስባሪ ለቅሞ፣ አመሉ አልለቀው ብሎ ቅጹን ይሞላል።

ሰውየው ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። መጀመሪያ ያወራው ስለ ቲነር ነው። በቲነር አትጠቡ የሚል ወረቀት ድሮ ሳጥኑ ውስጥ ነበር፣ አሁን ቀርቷል፤ ቢሆንም ጥፋቱ የተጠቃሚው ነው አለ። ቀጥሎ ስለ አራት መቶ ሠራተኞች አወራ፤ ነገሩ ከወጣ ፋብሪካው ይዘጋል፣ ሰው ይበተናል። ኢንስፔክተሯ እስኪጨርስ ጠበቀችው።

«ስደርስ ሞቶ ነበር» አለ በመጨረሻ። «አስቡት እስቲ፣ ለሞተ ሰው ምን ላድርግለት? ያለቀ ነገር ነው ብዬ ነው።»

«ለወንድሙ ደውሏል» አለችው። ድምፅዋ ሳጅኑ በሩ አጠገብ ሆኖ የማይሰማው ያህል ዝቅ ብሏል። «ሁለት ሰዓት ከሠላሳ አንድ ላይ። አንተ ቅጽህን ሞልተህ ከወጣህ ከአሥራ አንድ ደቂቃ በኋላ።»

ሰውየው የዝርዝሩን ወረቀት አየ። ሰዓቱ የተሳሳተ እንደሆነ ለማየት ይመስል ጎንበስ ብሎ አየው። የራሱ ጽሑፍ ነው።

«ይተነፍስ ነበር?» አለችው።

«አላውቅም።»

«ጠይቄሃለሁ።»

«... ያቃስት ነበር።»

«እሱስ አየህ?»

«ዓይኑ ተከፍቶ ነበር። እንዳያየኝ ጀርባዬን ሰጥቼው ነው የፈታሁት።»

«መፍታትና መግጠሙ ስንት ደቂቃ ፈጀብህ?»

«አምስት። ስድስት ቢሆን።»

«ኩባያውን በምን ጠረግከው?»

ሰውየው ጥያቄው አልገባውም። በጨርቅ አለ፤ መኪናው ውስጥ ንጹሕ ጨርቅ አይጠፋም፣ አዲስ ኩባያ ሲገጠም የእጅ አሻራ እንዳይቀርበት ሁልጊዜ ይጠረጋል። ይህን ሲናገር ራሱ ሰማው። አፉን በእጁ ያዘ።

ኢንስፔክተሯ ብዙ ነፍሰ ገዳይ አይታለች። በንዴት የገደለ አይታለች፣ በቅናት፣ ሰክሮ የገደለ አይታለች። አንዳቸውንም በእጇ ልትመታቸው አስባ አታውቅም። አሁን ግን እጇን ከጠረጴዛው ላይ አንስታ ኪሷ ውስጥ ከተተችው፣ እዚያም ጨብጣ ያዘችው። ሳጅኑ ካቴናውን አወጣ። የምርት ኃላፊው አንድ ነገር ብቻ ለመናቸው፤ ወደ ቤት ስልክ ልደውል አለ። ሳጅኑ አይቻልም አለው።

ስባሪው ፒክ አፑ ውስጥ፣ በካርቶን፣ ከሌሎቹ አሮጌ ኩባያዎች ስር ተገኘ። አንዱ ስባሪ ላይ ደም ነበረበት።

ኮማንደሩ ዝርዝሩን ሲያይ የከፋው በሌላ ነገር ነው። ገና ያልተቀየሩ ስድስት መቶ አሥራ ሦስት ኩባያዎች አሉ፤ በየጋራዡ፣ በየእንጨት ቤቱ፣ ሰው በየጠዋቱ ጎንበስ እያለ ውሃ የሚያፈስስባቸው። ለዚህ ሁሉ ቦታ መኪናና ነዳጅ ከየት አመጣለሁ አለ። ኢንስፔክተሯ ወደ ጠረጴዛው ጠጋ ብላ ሁለት ዓረፍተ ነገር በለሆሳስ ተናገረችው። ምን እንዳለችው ማንም አልሰማም። በአንድ ሰዓት ውስጥ የጣቢያው ሰው ግማሹ ዝርዝሩን ተከፋፍሎ ወጣ። የታናሹ ወንድም የፈረማት ወረቀትም ከመዝገቡ ወጣች፤ በማግስቱ፣ ለማረሚያ ቤት ከተቀጠረለት ሰዓት ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ልጁ በእግሩ ወደ ኮሪደሩ ወጣ።

እናቱ ተነስተው አቀፉት። ከሁለት ቀን በኋላ ያን ጊዜ አለቀሱ፤ ኮሪደሩ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ሥራ ያለበት መስሎ ዞር ዞር አለ። ኢንስፔክተሯ የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው። ስለ ኩባያው፣ ስለ ምድጃው፣ ሰውየው ጀርባውን ስለ መስጠቱ። አልሸፈነችላቸውም።

ልጁ እስከ መጨረሻው ሰምቶ አንድ ነገር ጠየቀ።

«ሲደውልልኝ ባነሳ ኖሮ ይተርፍ ነበር?»

ሐኪሙ ማንም አያውቅም ነው ያለው። ኢንስፔክተሯ በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ በማንኛውም መዝገብ ላይ ያላየችውን፣ ያልመረመረችውን ጽፋ አታውቅም።

«አይተርፍም ነበር» አለች። «ያን ጊዜ ረፍዷል። ሐኪሙን ጠይቄዋለሁ።»

ልጁ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። እናትየው ግን ኢንስፔክተሯን ትክ ብለው አዩዋት፣ አሁንም አዩዋት፤ ከዚያ እጇን ይዘው ጨበጥ አደረጉላት። ሊሄዱ ሁለት እርምጃ ተራምደው ተመለሱ።

«ያ ሰውዬ እናት አለችው?»

ኢንስፔክተሯ ይህን አላሰበችውም። ሳጅኑ ነው የመለሰው። አሉት፣ አብረውት ነው የሚኖሩት፣ ትናንት ልደውል ያለውም ለእሳቸው ነበር አለ።

«የልጄን ሞት የሰማሁት ታክሲ ውስጥ ነው» አሉ እናትየው። «ሁለት የማላውቃቸው ሰዎች ወንድሙ አረደው እያሉ ሲጫወቱ። ስሙን ጠሩት። ውራጅ አለ ለማለት እንኳ ድምፅ አጣሁ። አንቺ ልጄ፣ ሂጂና ራስሽ ንገሪያት። ከመንገድ እንዳትሰማው።»

ኢንስፔክተሯ እንኳን ልትነግርለት፣ ያን ሰው ከነዘር ማንዘሩ ልትረግመው ነበር የፈለገችው። እሺ እናቴ አለች። እናትና ልጅ ተደጋግፈው ታላቁን ሊወስዱ ወደ ሆስፒታሉ ሄዱ፤ እሷ የመኪናውን ቁልፍ ከሳጅኑ ተቀበለች።

የምርት ኃላፊው ቤት ግቢው የተጠረገ፣ በረንዳው ላይ አበባ የተተከለበት ነው። አንኳኳች። በዘንግ የሚራመዱ አሮጊት ከፈቱላት። የደንብ ልብሷን ሲያዩ ዘንጉ ከእጃቸው ወደቀ።

«ልጄን ምን አገኘው?» አሉ። «በሕይወት አለ?»

«አለ» አለች ኢንስፔክተሯ። ዘንጉን አንስታ ሰጠቻቸው፣ የቀረውን ለመንገርም ገባች።